በድንጋይ የተቆጠሩት መኪኖች

መቱ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ ነገራ ኢቲቻ
ኡካ

አባባ፣ እንዴት ነዎት? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብዎ የትከሻ ሕመም ዘንድሮስ ራራልዎት? አክስቴ ኡርጌ ደህና ናት? ንቦቿስ ገቡላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እጄ ተላልጧል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ለምን እንደ ተላጠ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የያዙልዎ እትዬ ዲንቄ ናቸው። ማራቸውን ሸጠው ወደ ኡካ ሲመለሱ ገበያው ዳር አግኝቼ ለመንኳቸው። ከማር ቅላቸው ጋር አንድ ላይ እንዳያስሩት አደራ ብያለሁ፤ ቢጣፍጥም ማን ሊያነበው። የሚያነቡልዎ መቼም መሪጌታ ደርበው ናቸው። መሪጌታ፣ እርስዎንም እጅ ነሥቻለሁ። ደብዳቤ የሚጻፈው በአማርኛ ነውና ለአባቴ በቋንቋችን እየመለሱ ይነግሩልኛል። ልመናዬ አንድ ናት። ለእርሳቸው አዝነው የሚያለዝቡት፣ ለእኔም አፍረው የሚዘሉት ቃል አይኑር።

ከመቱ ከወጡ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፤ ሁለት ጊዜ መልእክት ብልክ «ደህና ነኝ በሉት» ብቻ ተባልኩ። አልፈርድብዎትም። አሁን ግን እዚህ የሆነውን ሳልነግርዎ ብቀር እህል አይወርድልኝም።

ከመስቀል በኋላ ገብረ መድኅን የሚባል ልጅ እግር መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጣ። ይዞ የመጣው ሚዛን ነው። የቡና ሚዛን አይምሰልዎት፣ የመኪና ሚዛን ነው። የበር ግማሽ የሚያህሉ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች መንገዱ ላይ ያነጥፋል፤ መኪናው ቀስ ብሎ አንዱን ጎማ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ላይ ሲያወጣ መርፌው ይዞራል። መኪናውን ደግሞ ሙሉውን ባንድ ጊዜ አይመዝንም። የፊት እግሩን ለብቻ፣ የኋላ እግሩን ለብቻ ነው። «መንገድ ስለ መኪናው ስም ምንም አያውቅም፣ የሚያውቀው እግሩን ነው» ይላል።

ሚዛኑን ያነጠፈው በእርስዎ ኬላ ላይ ነው፤ ወደ ሁሩሙ የሚወስደው ዳገት ሥር፣ እርስዎና ሠራተኞችዎ አሥራ አንድ ዓመት በጠበቃችሁት ሬንጅ የለበሰ ሰባት ኪሎ ሜትር መጀመሪያ። እኔ የመንገድ ሥራው ጸሐፊ ነበርኩና መዝገብ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የመጣው የአውራጃው ላንድሮቨር ነው። ከእነ ሰዎቹ የፊት እግሩ አሥር ኩንታል፣ የኋላውም አሥር ኩንታል ሆነ። ቀጥሎ ጅራታ መጣ። ጅራታን መቼም አይረሱትም፤ ያ በፊያት የጭነት መኪናው ቡና ጭኖ ወደ ጅማ ሲወርድ ጡሩምባውን ከገበያው ጀምሮ የሚያስጮኸው። እንደ ልማዱ ከልኩ በላይ ጭኗል። የኋላ እግሩ ሰሌዳዎቹ ላይ ሲወጣ መርፌው ዞሮ ዞሮ ሲደመር መቶ ኩንታል ላይ ቆመ። ጅራታ ወርዶ አየና ደስ አለው። «ነግሬያችኋለሁ፣ በኢሉባቦር ከኔ የሚከብድ የለም» አለ።

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። «ያደታ፣ የዚህ የኋላ እግር ከላንድሮቨሩ ስንት እጥፍ ይከብዳል?»

«አሥር እጥፍ።»

«መንገዱንስ ስንት እጥፍ ይጎዳዋል?»

«አሥር እጥፍ ነዋ» አልኩ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ይህ አይጠፋውም ብዬ።

«አሥር ሺህ እጥፍ» አለኝ።

አባባ፣ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ። እርሱ ግን መዝገቤን ወስዶ ኅዳጉ ላይ አሰበልኝ። ባሕር ማዶ ለዚህ ፈተና ብቻ መንገድ ሠርተው ነበር አሉ፤ ከየትም የማይመጣ፣ ወደ የትም የማይሄድ። በአንዱ ላይ ከባድ፣ በአንዱ ላይ ቀላል መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ አመላለሱበትና እስኪሰነጠቅ ስንት ምልልስ እንደ ፈጀ ጻፉ። የደረሱበት እንዲህ ነው። እግሩ ላይ ያለው ክብደት ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ሁለት እጥፍ አይሆንም። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት፣ አራት ጊዜ ሁለት ስምንት፣ ስምንት ጊዜ ሁለት አሥራ ስድስት ይሆናል። ሦስት እጥፍ ከሆነ ሰማንያ አንድ። አሥር እጥፍ ከሆነ አሥር ሺህ። «እንደ መንገዱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው» አለ።

ላንድሮቨሩ ሁለት ጊዜ እግሩን ያሳርፋልና ሲካፈል ጅራታ አንዴ ሲያልፍ አምስት ሺህ ላንድሮቨር እንዳለፈ ይቁጠሩት ማለት ነው። ጅራታ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ። «ታዲያ አምስት ሺህ ሆኜ ሳልፍ አንድ ሰው እንኳ ከመቀመጫው የማይነሣልኝ ለምንድነው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔ ከአፌ ሳቅሁ እንጂ ሆዴ ሌላ ቦታ ነበር።

ልጅ ሆነን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብለን ነው ያደግነው። ትንሹ ከተደራረበ ትልቁን ያህላል ብዬ ነበር የማምነው፣ ሒሳብም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው። ለካስ ምድር በሌላ ሒሳብ ትቆጥራለች። አምስት ሺህ ላንድሮቨር ለማለፍ በእኛ አገር ስንት ወር ይፈጃል? ጅራታ ግን ሽሮውን በልቶ፣ ጡሩምባውን ነፍቶ፣ በአንድ ጠዋት ያደርገዋል። ያን ቀን ቤቴ ስሄድ መንገዱን መርገጥ ፈራሁ። እግሬ ሥር ያለው ነገር ሁሉንም ሲመዝን የኖረ፣ አንዲትም ያልረሳ ሆኖ ታየኝ።

በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ረጅም የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉን በፊያቱ ሁለት የኋላ ጎማዎች መካከል ሬንጁ ላይ ያሳርፈዋል፣ በሌላው ጫፍ እንደ ኪስ ሰዓት ያለ ነገር አለ። «ሰዓቱን እያየህ ተቀመጥ» አለኝ። ተንበርክኬ አየሁ። ፊያቱ በዝግታ ተንቀሳቅሶ ሲርቅ መርፌዋ ተንቀሳቀሰች። መንገዱ ከክብደቱ በታች ጎንብሶ ነበር አባባ፣ አሁን ተመልሶ ቀና እያለ ነው። በዓይን አይታይም፣ ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም፣ ግን ይጎነበሳል፣ ደግሞ ይነሣል። በየመኪናው ይጎነበሳል፣ በየመኪናው ይነሣል፣ አንድ ቀን መነሣት ያቅተዋል።

ያኔ ምን ትዝ እንዳለኝ ያውቃሉ? ሰባት ዓመቴ ሳለ ምሳ ላመጣልዎ ዳገቱ ላይ ስመጣ፣ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብለው መዳፍዎን ሬንጁ ላይ ያሳርፉ ነበር። ምን ያደርጋሉ ብልዎ «ኢልማ ኮ፣ ይተነፍሳል። እዚህ ጋ ትንፋሹ አጥሯል፣ ነገ እንቆፍረዋለን» አሉኝ። ልጄ ሆይ ብለው በፍቅር የነገሩኝን ተረት አድርጌ ያዝኩት። ከፍ ስል ደግሞ አፈርኩበት። መሐንዲሱ በሰዓትና በብረት ያገኘውን እርስዎ በመዳፍዎ ያውቁት ነበር። ይህን ስነግረው «ማን አስተማራቸው?» አለኝ። «ማንም» አልኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር መምጣቴ ነው።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ የመንገዱን የቀድሞ ቆጠራ አምጣ አለኝ። በሰኔ ሃምሳ አራት ለሃያ አንድ ቀን የቆጠርነውን ማለቱ ነው። ቅጹን አወጣሁለት። በእኔ የእጅ ጽሕፈት፣ ባማረ ቁም ጽሕፈት፣ «የተሽከርካሪ ብዛት ፯፻፺፰» ይላል። «ከዚህ ውስጥ የጭነት መኪናው ስንት ነው?» አለኝ። ቅጹ ያንን አይልም። ዓምዱ አንድ ብቻ ነበር። «የቆጠረውስ ማነው?»

እዚህ ላይ አላውቅም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እግሬ ግን ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ያ ከረጢትዎ ከአሮጌ አካፋዎች ኋላ አሁንም ተቀምጧል፤ ልጥለው ደፍሬ አላውቅም፣ ላየውም ደፍሬ አላውቅም። አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

መሪጌታ ነገሩን ላያውቁት ይችላሉና ላስረዳቸው። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም። ቆጠራው ሲታዘዝ ኬላው ላይ ተቀምጠው፣ ትንሽ መኪና ሲያልፍ አንድ የቡና ፍሬ፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ አንድ የወንዝ ድንጋይ ከረጢታቸው ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ማታ ማታ ያመጡልኛል፣ እኔ ቆጥሬ ቅጹ ላይ እሞላለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ድንጋዩን እንደ ድንጋይ ጻፈው» አሉኝ። እኔም «አባባ፣ ቅጹ ድንጋይ አያውቅም፣ አንድ መኪና አንድ ነው» አልኩ። ቅጹ ከታች ለማብራሪያ ሦስት ባዶ መስመር ነበረው። ልጽፍበት እችል ነበር። የአንድ የመንገድ ሥራ ጸሐፊ አባት በድንጋይና በቡና ፍሬ ይቆጥራል ተብሎ ጅማ ድረስ እንዳይሳቅብኝ ብዬ ባዶውን ተውኩት። ባዶ የሚመለሰውን ፊያት በፍሬ፣ ሞልቶ የሚሄደውን በድንጋይ እንደ ቆጠሩት ባየሁ ጊዜማ፣ ተሳሳቱ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። አንድ መኪና ሲመጣ ፍሬ፣ ሲሄድ ድንጋይ ይሆናል እንዴ ብዬ።

መሐንዲሱ ይህን ስነግረው ተነሣ። «ባዶውን በፍሬ?» አለ። «ባዶውን በፍሬ» አልኩ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ናቸው። ፍሬው ስድስት መቶ ዘጠኝ ነው። ከዚያ ወረቀት ወስዶ መቶ ሰማንያ ዘጠኙን በአምስት ሺህ አበዛ። ዘጠኝ መቶ አርባ አምስት ሺህ ሆነ። እኔ ሰባት መቶ ዘጠና ስምንት ብዬ የጻፍኩት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ነበር አባባ። በሃያ አንድ ቀን። ይህን ያህል ሸክም አሥራ ሁለት ሰው በአካፋና በባሬላ አሥራ አንድ ዓመት እንዴት እንደ ቻለው መሐንዲሱም ሊገባው አልቻለም። «እኔ የሚገርመኝ መንገዱ መፍረሱ አይደለም፣ እስከዚያ መቆየቱ ነው» አለ። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልዎ።

እንግዲህ እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎ። ወይም ምናልባት ያውቁታል፣ እኔ ነኝ እንደሚያውቁ የማላውቀው።

በዚያው ክረምት መንገዱ ሲፈርስ ከጅማ የመጣው ተቆጣጣሪ ቢሮ ውስጥ በጠራዎት ቀን፣ ቅጼን በእጁ ይዞ «በቀን ሠላሳ ስምንት መኪና ሰባት ኪሎ ሜትር መንገድ እንዴት ያፈርሳል? ወይ ተኝተሃል፣ ወይ ጠጠሩን ሸጠሃል» አለዎት። እኔ በመካከል አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜያለሁ። እርስዎ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞረው በቋንቋችን «ድንጋዮቹን ንገረው» አሉኝ። ሁለት ቃል ብቻ። ተቆጣጣሪው «ምን ይላል?» አለኝ። እኔም «ዝናቡ በዝቶ ነው ይላል» አልኩ።

ድንጋዮቹን ብናገር ቅጹን ማን ሞላው ይባላል፣ ማብራሪያው ለምን ባዶ ሆነ ይባላል። ከዚያም በላይ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የድንጋይ ነገር ማውራት አሳፈረኝ። በእርስዎ አፈርኩ አባባ። ሌላ ስም የለውም። እርስዎም አየት አድርገውኝ ባርኔጣዎን አንሥተው ወጡ። ሌባ ተብለው ከሥራ የወጡት በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዉ «የተማረ ይግደለኝ» ይላል፤ እርስዎን በእውነት የተማረ ገደለዎት፣ ያውም የራስዎ ልጅ፣ ያውም በገንዘብዎ ያስተማሩት።

መሐንዲሱ ይህንንም ሰማ። አልሰደበኝም። «በጽሑፍ ታደርገዋለህ?» ብቻ አለኝ። አደርገዋለሁ ያልኩት ወዲያው አይደለም፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሁለቱ ቀን ጸሐፊነቴን፣ ጫማዬን፣ ሰው «አቶ ያደታ» የሚለኝን ሁሉ አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩን፣ የድንጋዩን ቆጠራ፣ ያን የሐሰት ትርጉሜን ከእነ ቀኑ ጽፌ ፈረምኩ። ሁለት ቅጂ ወደ ጅማ ሄደ፣ አንዱ መሐንዲሱ ጋ ቀረ።

መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። የእርስዎ ጉዳይ እንደገና ይታያል ይላል። መቼ እንደሚታይ አይልም፣ እኔም ተስፋ ልሽጥልዎ አልፈልግም። የእኔ ጉዳይ ግን ታይቷል። ከጸሐፊነት ተነሥቼ ለዳገቱ ጓድ በቀን ሠራተኛነት ተመድቤያለሁ። እጄ የተላጠው በዚህ ነው።

ሠራተኞችዎ መጀመሪያ ላይ አላነጋገሩኝም። የነገርኳቸው እኔው ነኝ፣ አልደበቅሁም። ከትናንት ወዲያ ግን ከመካከላቸው አንዱ አካፋ አያያዜን አይቶ «እንዲህ ከያዝከው እስከ ገና አትደርስም» ብሎ አስተካከለልኝ። አሁን ከሁሩሙ ወዲህ ያለውን ቦይ እየጠረግን ነው። ውኃ ሥሩ የገባበት መንገድ ክብደቱን ፈጽሞ አይችልም፣ ይህንን እርስዎ ስንት ጊዜ ነገሩኝ። ትናንት ጅራታ ሲመጣ ጡሩምባውን ሰምቼ መንገዱ ዳር ቁጢጥ አልኩና መዳፌን አሳረፍኩ። ምንም አልተሰማኝም። የጸሐፊ እጅ ነው ገና። ጅራታ ግን አይቶኝ ነው መሰል ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ጭነቱን ግን አልቀነሰም።

ይቅር ይበሉኝ ልል ብዕሬን ስንት ጊዜ አነሣሁ። ቃሉ ቀሎ ታየኝ። በቃል ያፈረስኩትን በቃል መልሼ ልገነባው አልችልም። እርስዎም ወደ መቱ ይምጡ አልልም፣ በኬላው በኩል ማለፍ ምን እንደሚሆንብዎት አላጣሁትም። በደብዳቤዬ ቢቆጡ መብትዎ ነው፣ መሪጌታን «በቃ አጥፈው» ቢሏቸውም መብትዎ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። እትዬ ዲንቄ በሚቀጥለው ገበያ ተመልሰው ይመጣሉ። የሚሉኝን ይንገሯቸው፣ እርግማንም ቢሆን፤ በአማርኛ አይጻፍልኝ፣ በወረቀት አይሁን። በቋንቋችን እንዳሉት፣ ቃል በቃል ያድርሱልኝ። ማንም አይተረጉመውም። እኔ ገበያው በር ላይ ከጠዋት ጀምሬ እቆማለሁ።

ለአክስቴ ኡርጌ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መሪጌታ፣ እስከዚህ ሳይዘሉ ካነበቡ እግዚአብሔር ዓይንዎን ይጠብቅልዎ። አባባ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ቁመው ያዩኝ ዘንድ ይርዳኝ።

ድንጋዮቹን ሳይናገር የቀረው ልጅዎ

ያደታ ነገራ